በስልክ ያልተነገረ መርዶ፦ ስለ ወይዘሮ ረምላ ኑሪ ዕረፍት

የሆሳዕናና አካባቢው የቀድሞ ስልክ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ መሥራች አባሉና ለብዙ ዓመታት ምክትል ሰብሳቢው የነበሩት ወይዘሮ ረምላ ኑሪ በሕመም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸው በእስልምና ደንብ መሠረት በዚያው ዕለት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና እጅግ ብዙ የሆሳዕና፣ የጃጁራና የዱራሜ ሰው ተገኝቶ ሸኝቷቸዋል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ይህ መግለጫ መውጣት የነበረበት ማክሰኞ ነው። መዘግየቱን ያዩ አባላት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውን ወቅሰዋል። "ዕድሜ ልካችሁን የሰው መልእክት ስታደርሱ ኖራችሁ የራሳችሁን ሰው ሞት መናገር አቃታችሁ?" ያሉም አሉ። ወቀሳው ከሐዘን የመጣ ስለሆነ ኮሚቴው አልተቀየመም። ነገር ግን መግለጫው የዘገየው በስንፍና ሳይሆን በውሳኔ ነው። ምክንያቱን ለአባላትና ለሕዝብ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወይዘሮ ረምላ ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቋ ወይዘሮ ፈሪዳ ናስረዲን በዱራሜ መምህርት ናቸው፤ እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመሙትም እሳቸው ናቸው። ታናሹ አቶ ሙክታር ናስረዲን እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች ኑሯቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከጆሃንስበርግ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሱቅ ከፍተው ብቻቸውን ይኖራሉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጉዳይ ገና ስላላለቀ ከዚያ አገር ከወጡ መመለሻ የላቸውም። ስለዚህ እናታቸውን ለመቅበር መምጣት አልቻሉም። እኛ ለእኚህ ልጅ ልናደርግላቸው የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶን ነበር። እሱም የእናታቸውን ሞት ከፌስቡክ ሳይሆን ፊት ለፊታቸው ከተቀመጠ ሰው አፍ እንዲሰሙ ማድረግ ነው። ወይዘሮ ረምላ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሌላው ሰው ልጅ ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው። ለእሳቸው ልጅ ሳይደረግ ቢቀር እንደ ማኅበርም እንደ ሰውም እናፍር ነበር።

በመሆኑም ኮሚቴው ማክሰኞ ጠዋት ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ተሰብስቦ፣ አቶ ሙክታር መርዶውን በደንቡ እስኪሰሙ ድረስ በማኅበሩ ስም ጽሑፍም ሆነ ምስል እንዳይወጣ ወሰነ። ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ በመጨረሻ ይገለጻል። በቅድሚያ የሟቿ የሕይወትና የሥራ ታሪክ ይቀርባል፤ ያለ እሱ ውሳኔያችን ለማያውቀው ሰው ግራ ይሆንበታልና።

ወይዘሮ ረምላ በ1938 ዓ.ም. በጃጁራ አካባቢ ከአባታቸው ከአቶ ኑሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ተወለዱ። አባታቸው በጃጁራና በዳምቦያ ገበያ ጨውና በርበሬ ይነግዱ ስለነበር ሴት ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ይውሉ ነበር። ወይዘሮ ረምላ በቤታቸው ሀዲይኛ፣ በገበያ ከምባትኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ለመዱ። በሦስቱም ቋንቋ ሲናገሩ የሰማ ሰው የትኛው የእናታቸው ቋንቋ እንደሆነ ለማወቅ ይቸገር ነበር። ትምህርታቸውን በሆሳዕና እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል።

በ1957 ዓ.ም. በሆሳዕና ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። ለወጣት አንባቢዎች ማስታወስ የሚገባን፣ በዚያ ዘመን ስልክ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አልነበረም። ደዋዩ ስልክ ቤት ድረስ መጥቶ፣ የሚፈልገውን ሰው ስም ተናግሮ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኦፕሬተሯ እጀታውን አዙራ ዱራሜን ወይም አዲስ አበባን ትጠራለች፤ ሲገኝ ገመዱን ሰክታ ታገናኛለች። ከሌላ አገር የተደወለለት ሰው ደግሞ ተላላኪ ተልኮ ከቤቱ ይጠራል፤ እየሮጠ ይመጣል፤ ትንፋሹ ሳይመለስ "ሃሎ" ይላል። ወይዘሮ ረምላ በዚህ ወንበር ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርተዋል።

በሥራቸው የሚታወቁት በመጀመሪያ በምስጢር ጠባቂነታቸው ነው። የከተማው ጋብቻ፣ ጸብ፣ የመሬት ክርክር ሁሉ በጆሯቸው አልፏል። አንዱም ግን በአፋቸው አልወጣም። ባለቤታቸው እንኳ ማታ ቤት ሲገቡ ወሬ ፈልገው "ዛሬ ምን ተባለ?" ቢሏቸው "መስመሩ ተቋርጧል" ብለው ዝም ያሰኟቸው እንደነበር ባለቤታቸው ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. የሚከተለው ተፈጠረ። በሆሳዕና የምትማር አንዲት የዳምቦያ ልጅ ስልክ ቤት ትፈለጊያለሽ ተብላ ተጠራች። ወዲያ ማዶ የነበሩት ዘመዷ ጭካኔ አስበው አይመስለንም፤ መስመሩ ሳይጠፋ ልናገር ብለው ቸኩለው ይሆናል። ብቻ አባቷ መሞታቸውን በጆሮዋ ውስጥ ነገሯት፤ መስመሩም ጠፋ። ልጅቱ ወረፋ በሚጠብቁ የማታውቃቸው ሰዎች መሐል ቆማ፣ ስልኩን እንደያዘች፣ "ሃሎ? ሃሎ?" ማለቷን ቀጠለች። ወይዘሮ ረምላ ወንበራቸውን ትተው ወጥተው አቀፏት፤ ቤቷም ድረስ ወሰዷት። ሥራ ጥለው በመሄዳቸው የወቅቱ አለቃቸው ጠርተው ሲገሥጿቸው "መስመሩ ደህና ነበር ጌታዬ፤ አጠገቧ የጎደለው ሰው ነው" ማለታቸውን በቦታው የነበሩ ባልደረቦች ነግረውናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ረምላ መርዶ በስልክ ወደ ሐዘንተኛ ጆሮ እንዲገባ አልፈቀዱም። አሠራራቸው ቀላል ነበር። ከሩቅ የሞት ወሬ የያዘ ሰው ሲደውል ሐዘንተኛውን አያስጠሩም፤ ሟቹ የማን ወገን እንደሆነ፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ያስጠራሉ። አንዱ የሐዘንተኛውን ቤተሰብ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ሌላው የሐዘንተኛው ሃይማኖት ሰው ነው። ሙስሊም ከሆነ ሙስሊም፣ ጴንጤ ከሆነ ጴንጤ፣ ኦርቶዶክስ ከሆነ ኦርቶዶክስ። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ይነገራል፤ እነሱም ጎረቤት አስከትለው ማለዳ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ። ወይዘሮ ረምላ ይህን ሲያስተምሩ "ስልክ ለመርዶ ነጋሪው ነው፤ ለሐዘንተኛው አይደለም" ይሉ ነበር።

ችግሩ በመሐሉ ያለው ጊዜ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ያወቀውን ነገር ባለቤቱ ሳይሰማ ስልክ ቤት ብቅ ይላል። ሌላ ጉዳይ ሊደውል ይመጣና ወይዘሮ ረምላ ፊት ይቆማል። መስመር የለም እንዳይሉት ውሸት አይወዱም። እንዳይነግሩት ደንባቸው ነው። ስለዚህ "ዛሬ ከቤት አትውጣ፤ ሰው ይመጣልሃል" ይሉታል። ከዚህ አይጨምሩም፤ አይቀንሱም። ዓመታት ሲያልፉ የሆሳዕና ሰው ይህን ቃል ለመደው። የተባለው ሰው ጥያቄ ሳያበዛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማን እንደሞተበት አያውቅም፤ ብቻውን እንደማይሰማ ግን ያውቃል።

እዚህ ላይ አባላችን አቶ ሲላስ ፈቅደውልን አንድ ነገር እናነሳለን። በ1969 ዓ.ም. አቶ ሲላስ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳሉ፣ ከዱራሜ አንድ ሽማግሌ ደውለው ለአንድ የሆሳዕና ነጋዴ መልእክት ተዉ። መልእክቱ የነጋዴውን ሴት ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ዛሬ እንደሚመጡና ነጋዴው ቤት እንዲጠብቋቸው የሚል ነበር። አቶ ሲላስ ጨዋነት መስሏቸው፣ የጋብቻ ነገር በኦፕሬተር አፍ አይነገርም ብለው፣ ተላላኪ ልከው ነጋዴውን አስጠሩና "ጌታዬ፣ ዛሬ ከቤት አይውጡ፤ ሰው ይመጣልዎታል" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶች ያለቅሳሉ፤ ነጋዴው አንገታቸውን ደፍተዋል። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ጋብቻው በደህና ተፈጽሟል። አቶ ሲላስም ለሠርጉ ተጠርተው ነበር፤ ያስቀመጧቸው ግን በሩ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል በስልክ ቤቱ ሠራተኞች መካከል ስምምነት ተደረገ።

ወይዘሮ ረምላ በ1962 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ናስረዲን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለቱን ልጆች አፍርተዋል። አቶ ናስረዲን ከሆሳዕና በዱራሜ አድርገው ሶዶ የሚመላለሱ፣ በመንገዱ ሁሉ ወዳጅ ያላቸው ሰው ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. መኪናቸው ከዱራሜ ወዲያ ተገልብጦ ሕይወታቸው አለፈ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ዱራሜ ስልክ ቤት ነው። በወንበሩ ላይ የነበሩት ወይዘሮ ጵርስቅላ ይባላሉ። ከወይዘሮ ረምላ ጋር ለዓመታት በየቀኑ መስመር ሲያገናኙ የኖሩ፣ በመልክ ሳይሆን በድምፅ የሚተዋወቁ ነበሩ። ወይዘሮ ጵርስቅላ የሆሳዕናን ሽማግሌዎች ለማስጠራት ሆሳዕናን መጥራት ነበረባቸው። ሆሳዕናን ቢጠሩ የሚያነሱት ደግሞ ራሳቸው ወይዘሮ ረምላ ናቸው።

ወይዘሮ ጵርስቅላ በኋላ እንደነገሩን እጀታውን ሳያዞሩ ብዙ ቆይተዋል። ሌላ መንገድ ሲያጡ ደወሉ። "ረምላ፣ አጠገብሽ ማን አለ?" አሉ። "ሲላስ አለ።" "ወንበሩን ለሲላስ ስጪው። ቤትሽ ሂጂ፤ ሰው ይመጣልሻል።" ወይዘሮ ረምላ ማዳመጫውን አወለቁ፤ የትኛው ደዋይ የማንን መስመር እንደሚጠብቅ ለአቶ ሲላስ ነገሯቸው፤ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። የቀረውን ወይዘሮ ጵርስቅላ ለአቶ ሲላስ ነገሩ፤ አቶ ሲላስም ያን ቀን ሽማግሌዎቹን እንደ ደንቡ ጠርተው ልከዋል። ይህን የምንጽፈው ከዚህ በላይና ከዚህ በታች ስለ እሳቸው የምናነሳው ብቻ እንዳይታወስባቸው ነው።

ወይዘሮ ፈሪዳ ያን ቀን እንዲህ ያስታውሱታል። እናታቸው በማይመጡበት ሰዓት መጡ። አላለቀሱም። ቤት ውስጥ ያለውን ወንበርና አግዳሚ አንድ በአንድ ወደ ግቢ ያወጡ ጀመር፤ አልበቃ ሲል ከጎረቤት ተዋሱ። ገና ሕፃን የነበሩት አቶ ሙክታር በርጩማ ተሸክመው እየተከተሏቸው "እማዬ፣ ምን ሊሆን ነው?" ሲሏቸው "ሰው ይመጣል። ሰው ቆሞ መርዶ አይነግርም፤ እኛም ቆመን አንሰማም" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ መቀመጫ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ወይዘሮ ረምላ እነሱን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ የሚነግሯቸውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ በኋላ አለቀሱ። ሥራቸው ላይ የተመለሱት ሐዘናቸውን ጨርሰው ነው፤ ልጆቻቸውንም በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አሳድገዋል፣ አስተምረዋል።

በ1993 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በዚያን ጊዜ አውቶማቲክ ስልክ ገብቶ የኦፕሬተር ሥራ እያበቃ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ይህ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ። በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ "የአባል ወይም የአባል ቤተሰብ መርዶ በስልክ አይነገርም" የሚለውን አንቀጽ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። በኋላ ሞባይል ሲመጣ "በአጭር መልእክትም" የሚል አስጨመሩ። ቀጥሎ ፌስቡክና ቴሌግራም መጡ። ያን ጊዜ "ነገ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አላውቅምና፣ ሰው ባልሆነ በማንኛውም ነገር አይነገርም ብላችሁ ጻፉና ገላግሉኝ" አሉ። አንቀጹ ዛሬም በዚሁ ቃል ይነበባል።

የኋለኛው ዘመን አገልግሎታቸው ከደመወዝ ሥራቸው ያነሰ አልነበረም። ልጆቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ በሆሳዕና ብቻ ሳይሆን በዱራሜም በዳምቦያም ሰው ሲሞት "ያ ልጅ እንዴት ይስማ?" የሚለው ጭንቀት የእያንዳንዱ ቤት ሆነ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ እየመጣ ወይዘሮ ረምላን ያማክር ነበር። እሳቸውም በዚያ አገር ያሉ የአካባቢያችንን ልጆች በየከተማው አጥንተው ያውቁ ስለነበር፣ ለልጁ ሳይሆን ለጎረቤቱ ይደውላሉ፤ ሁለት ሰው ያዘጋጃሉ፤ ማለዳ ይልካሉ። አቶ ሙክታርም በእናታቸው ትእዛዝ ስንት ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው ሩቅ መንገድ ሄደው የሰው በር አንኳኩተዋል። ሙስሊም ክርስቲያን አልለዩም። ብዙ ሰው መርዶውን የሰማው ከአቶ ሙክታር አፍ ነው። የእሳቸውን መርዶ የሚያደርስላቸው ሰው ማዘጋጀት የእኛ ተራ ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት ኮሚቴው በጆሃንስበርግ ለሚኖሩ ሁለት ሰዎች ደወለ። አንዱ ሐጂ መሐመድአሚን ናቸው፤ የሆሳዕና ሰው ናቸው፣ የአቶ ናስረዲን ወዳጅ ነበሩ። ሁለተኛው አቶ ሆሴዕ የዱራሜ ልጅ፣ የወይዘሮ ጵርስቅላ የወንድም ልጅ ናቸው፤ መኪናውም የእሳቸው ነው። ሐጂ መሐመድአሚን ለንግድ ሌላ ከተማ ስለነበሩ እስኪመለሱ መጠበቅ ግድ ሆነ። መንገዱም ረጅም ነው። ከሐሙስ ማለዳ በፊት መድረስ እንደማይቻል ታወቀ።

እስከዚያ ድረስ ወሬውን ማፈን ነበረብን። ከለቀስተኛው ግማሹ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ወይም ወንድም ያለው ነው። ሰብሳቢያችን አቶ ማቴዎስ በቀብሩ ቦታ ቆመው "የእትዬ ረምላ ልጅ አልሰማም። ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉልን" ብለው ለመኑ። ሕዝቡ ልመናውን አክብሮልናል። ፎቶ ሊያነሳ እጁን የዘረጋ ወጣት እናቱ እጁን ስትመታው ተመልክተናል። ለዚህ ለሆሳዕና ሰው ማኅበሩ ምስጋናው የላቀ ነው።

አንድ ሰው ግን ተሳሳተ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የወይዘሮ ረምላ ፎቶ ከበራ ሻማ ጋር ታየ። የለጠፉት አቶ ሲላስ ናቸው። ተደውሎላቸው ሲጠየቁ "ቃል አልጻፍኩም እኮ፤ ደንቡ የሚከለክለው መናገር ነው፤ ምስል ምን ይናገራል?" አሉ። በመተዳደሪያ ደንቡ ሰው ያልሆነ ነገር ሁሉ መከልከሉ ተነበበላቸው። ሻማው ለሙስሊም ሴት ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ ደግሞ ፎቶውን ወዲያው አጠፉ። አቶ ሲላስ ያንን ያደረጉት በሐዘን ብዛት ነው፤ ወንበራቸውን የተረከቡት ከእሳቸው ነውና ሐዘናቸው ከማናችንም አያንስም። አቶ ሙክታርም ፎቶውን እንዳላዩት ኮሚቴው አረጋግጧል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ ረምላ ስልክ ጮኸ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። አቶ ሙክታር በየሳምንቱ ረቡዕ እናታቸው ጋ ይደውላሉ፤ ይህን አስቀድመን ማሰብ ነበረብን፣ አላሰብንም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። በክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን ዕድሜያችንን የሚጮኽ ስልክ ስናነሳ የኖርን ሰዎች ነን፤ ያን ስልክ ግን ማንም አላነሳውም። ከዚያ የወይዘሮ ፈሪዳ ስልክ መጥራት ጀመረ። ወይዘሮ ፈሪዳ ስሙን አዩት፤ ማንሳትም መዝጋትም አልሆነላቸውም። ስልኩን ለአቶ ማቴዎስ ሰጡ።

በአንዳንድ ቤት እንዲህ ሲሆን "ትንሽ አሟት ነው" ይባላል። ሟቿ ይህን አይወዱም ነበር። አቶ ማቴዎስ ስማቸውን ተናገሩ። አቶ ሙክታር "ጋሼ ማቴዎስ፣ እማዬ ስልክ አታነሳም" አሉ። አቶ ማቴዎስ "ሙክታር፣ ዛሬ ሱቁን ዝጋ። ከቤት አትውጣ፤ ሰው ይመጣልሃል" አሏቸው።

አቶ ሙክታር "እሺ ጋሼ" አሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "ስንት ሰው ነው የሚመጣው?" አቶ ማቴዎስ "ሁለት ናቸው፤ በመንገድ የሚጨመርም ይኖራል" አሉ። "እሺ" ብለው ስልኩን የዘጉት አቶ ሙክታር ራሳቸው ናቸው።

አቶ ማቴዎስ በዚህ ንግግራቸው የማኅበሩን ደንብ ጥሰዋል ወይስ አልጣሱም በሚለው ላይ ኮሚቴው ተነጋግሯል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የወይዘሮ ረምላ ልጅ ካላወቀ ማን ያውቃል የሚሉ ነበሩ። ቃሉ የሟቿ የራሳቸው ነው፤ ከዚያ የተሻለ እኛ የለንም የሚሉም ነበሩ። ውሳኔ አልተሰጠም። ሊሰጥም የሚችል አይመስለንም።

ሐሙስ ማለዳ ሐጂ መሐመድአሚንና አቶ ሆሴዕ፣ በየከተማው ያነሷቸውን የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች አስከትለው ደረሱ። ያገኙትን አቶ ሆሴዕ ነግረውናል። ሱቁ ተዘግቷል። ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ስለሆነ ወንበር ያለው አንድ ነው። አቶ ሙክታር የለስላሳ ሳጥኖችን ገልብጠው፣ በላያቸው የታጠፈ ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ግቢውን ዙሪያውን ደርድረውታል። ከመጣው ሰው በላይ መቀመጫ ነበር። እንግዶቹን አንድ በአንድ ጨብጠው አስቀመጡ። አንዱን ወንበር ለሐጂ ሰጡ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ራሳቸው በሳጥን ላይ ተቀመጡና "አሁን ንገሩኝ" አሉ። ሐጂ መሐመድአሚን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ሕመማቸውን፣ ማክሰኞ ማለዳን፣ ቀብሩን፣ ማን ማን እንደነበረ ሁሉንም ነገሯቸው። አቶ ሙክታር አላቋረጧቸውም። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ አለቀሱ፤ የመጡትም አብረው አለቀሱ።

በዚህ መሠረት የእገዳው ውሳኔ ከሐሙስ ጀምሮ ተነሥቷል። አባላት የወይዘሮ ረምላን ፎቶ ማውጣት፣ ስለ እሳቸው መጻፍና መናገር ይችላሉ። አቶ ሲላስም ይችላሉ፤ ሻማው ግን ይቅር።

ማኅበራችን ታላቅ ሰው አጥቷል። የሆሳዕና ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ የተጨነቁለት ሴት ነበሩ፤ ወንበራቸው ባዶ መሆኑ ያሳዝነናል፣ ይጎዳናል። ለወይዘሮ ፈሪዳ ናስረዲን፣ ለአቶ ሙክታር ናስረዲን፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለዱራሜ እህታቸው ለወይዘሮ ጵርስቅላና ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።

የሆሳዕናው ለቅሶ ቤት እስከሚቀጥለው ሳምንት ክፍት ነው። በደቡብ አፍሪካ ለምትገኙ የሆሳዕና፣ የጃጁራ፣ የዳምቦያና የዱራሜ ልጆች ደግሞ ማኅበሩ አንድ አደራ አለው። አቶ ሙክታር ሱቃቸውን ገና አልከፈቱም፤ ቤት ናቸው። አትደውሉላቸው። ሂዱ። መቀመጫው እንደተደረደረ ነው።

የሆሳዕናና አካባቢው የቀድሞ ስልክ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ሆሳዕና፣ ጥር 2017 ዓ.ም.